ያልተጻፈ መጽሐፍ አይቃጠልም

«ክርስትና እንዴት ተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እኛ ሰፈር፣ የካ አባዶ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ቡና ላይ ተነበበ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተከራከሩበት። ጸሐፊው የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሙን አላነሳም፤ ጠቤ ከጽሑፉ እንጂ ከእሱ ጋር አይደለም። ብዕሩ ጥሩ ነው። ዝም ማለት ያልፈለግሁትም ለዚህ ነው። ደካማ ጽሑፍ ቢሆን ማንም አያነሳውም ነበር።

ላላነበባችሁ፣ የሚለው ባጭሩ ይኸው። አንደኛ፣ ኢየሱስ ተራ የአይሁድ መምህር ነበር፤ አምላክ ያደረገው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ325 የጠራው የኒቂያ ጉባኤ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም የተመረጠው እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ ሃይማኖቱን የፈጠረው ጳውሎስ ነው። ሦስተኛ፣ ታሪኩ ከግብፆች አምላክ ከሆረስና ሮማውያን ያመልኩት ከነበረው ከሚትራ የተቀዳ ነው። አራተኛ፣ ሥላሴ ማለት ሦስት አማልክት ነው። አምስተኛ፣ ክርስትና የነጭ ሃይማኖት ነው፤ እኛም ከሚሲዮን የተቀበልነው ነው። አንደኛውና ሁለተኛው እርስ በርስ እንደሚጣሉ ልብ በሉ። ጳውሎስ ከሠራው ቆስጠንጢኖስ ምን ቀረው?

እኔ አማኝ ነኝ፤ መደበቅ አያስፈልግም። ግን ማንንም ለማሳመን አይደለም የምጽፈው። ኢየሱስ ከሙታን ተነሣ ወይስ አልተነሣም የሚለውን ሰነድ ብቻውን አይቋጨውም። ክርስቲያኖች ይህን ማመን የጀመሩት መቼ ነው የሚለው ግን በሰነድ ይታወቃል። ወንድማችን የዓመታቱን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። እሱን ልመልስለት። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ እሱም የጻፈው በዚያው ስለሆነ እንዳናምታታ።

ከኒቂያ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና።

«ከኒቂያ በፊት ኢየሱስን እንደ አምላክ ያመለከ ሰው አልነበረም» ይላል። በ112 ግድም ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ አገረ ገዥ ከዛሬዋ ሰሜን ቱርክ ለንጉሡ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖች እየተከሰሱ ይቀርቡለታል፤ ምን እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶታል። ሲመረምራቸው ያገኘውን ይዘረዝራል። በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ። ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ። ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ አደራ ላለመብላት ይማማላሉ። ፕሊኒ ወዳጃቸው አይደለም፤ አንክድም ያሉትን ያስገድል ነበር። ከኒቂያ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ ይህን የሚነግረን ገዳያቸው ነው።

ታሲተስ የሚባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊም አለ። በ116 ግድም ሲጽፍ፣ በ64 ሮም በተቃጠለች ጊዜ ኔሮን ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ እንዳላከከ ይናገራል። ስማቸውን ያገኙበት ክርስቶስም በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ ተገደለ ይላል። እሱም ክርስቲያኖችን ይንቃቸዋል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ደግሞ በ1961 ቂሳርያ ላይ ተገኝቷል።

አሁን ወደ 303 እንምጣ። ቆስጠንጢኖስ ገና አልነገሠም። ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት እየተለቀሙ እንዲቃጠሉ አዋጅ አወጣ። የሞቱት ከመብዛታቸው የተነሣ ግብፆችና እኛ እስከ ዛሬ ዓመተ ሰማዕታትን የምንቆጥረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምረን ነው። እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቀው ይህን ነው። መጻሕፍቱ በ325 ከተሠሩ በ303 የተቃጠለው ምንድን ነው? ያልታነጸ ቤተ ክርስቲያንስ ይፈርሳል እንዴ?

ሶርያ ውስጥ ዱራ ኤውሮፖስ በምትባል የጠረፍ ከተማ ክርስቲያኖች ይሰበሰቡበት የነበረ መኖሪያ ቤት በቁፋሮ ተገኝቷል። ጥምቀት የሚፈጽሙበት ክፍል አለው። ግድግዳው ላይ ኢየሱስ ሽባውን ሲፈውስ ተሥሏል። ከተማዋ በ256 ግድም በፋርሶች ወድማ ስለተቀበረች ማንም በኋላ ገብቶ አልነካካውም። እዚህ እኛ ጋ ቤት ተከራይተው የሚያመልኩ ጎረቤቶች ሳይ ያ ቤት ትዝ ይለኛል። ቤተ መንግሥት የማያውቃት ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነበረች።

ታዲያ ኒቂያ ላይ ምን ተከራከሩ? ጸሐፊው «ሰው ነው ያሉና አምላክ ነው ያሉ ተሰልፈው በጠባብ ድምፅ ተወሰነ» ብሏል። እንዲህ አልነበረም። አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ ነው። ኢየሱስን ተራ ሰው አላለውም። ከዓለም በፊት የነበረ፣ ዓለም የተፈጠረበት ነው ይላል። ነገር ግን እሱ ራሱ ፍጡር ነው፤ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ ያስተምራል። ሊቀ ጳጳሱ እለ እስክንድሮስና ዲያቆኑ፣ በኋላም ተተኪው የሆነው አትናቴዎስ ደግሞ ወልድ አልተፈጠረም፤ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው አሉ። ክርክሩ በጣም ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚጀምረው ማለት ነው። ተራ መምህር ነው የሚል ወገን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ድምፁስ? ሊቃውንቱን በትውፊት ሠለስቱ ምዕት እንላቸዋለን፤ 318 ናቸው። ከአርዮስ ጋር እስከ መጨረሻው አንፈርምም ያሉት ጳጳሳት ሁለት ናቸው። ሁለት! ጠባብ ድምፅ ማለት ይህ ከሆነ የኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ምን ሊባል ነው?

መጽሐፍ ቅዱስን በተመለከተ ጉባኤው 20 ቀኖናዎችን አወጣ። ስለ ካህናት ሥርዓት ነው፣ በስደቱ ጊዜ ክደው ስለተመለሱ ሰዎች ነው፣ ስለመሳሰለው ነው። የፋሲካንም ቀን ተነጋገረበት። የመጻሕፍት ዝርዝር የለበትም። አራቱን ወንጌላት ሄሬኔዎስ የሚባል ጳጳስ በ180 ግድም አራት ብሎ ቆጥሯቸዋል። ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስም ዘርዝሮ የጻፈው አትናቴዎስ ነው፤ በ367፣ ከኒቂያ 42 ዓመት በኋላ። ደግሞስ ኒቂያ አንዴ ወስኖ ቢሆን የኦርቶዶክሱ 81፣ የፕሮቴስታንቱ 66 ሆኖ ይቀር ነበር?

ጸሐፊው ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን ጠራ ማለቱ ልክ ነው። ወጪውንም ችሏል፤ አዳራሹም ገብቶ ተቀምጧል። በ313 ከአጋሩ ጋር ሆኖ ለክርስቲያኖች ነፃነት መስጠቱም እውነት ነው። የመንግሥት ሃይማኖት ያደረጋት ግን እሱ አይደለም፤ ቴዎዶስዮስ ነው፣ በ380። ከኒቂያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ጽሑፉ ዘሎታል። ቆስጠንጢኖስ አርዮስን ከግዞት መለሰው። በ335 አትናቴዎስን ራሱን ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ወደ ትሪየር አጋዘው። በ337 ሊሞት ሲል የተጠመቀውም በአርዮስ ወዳጅ በኒቆሜድያው ኤውሳብዮስ እጅ ነው። ልጁ ቆስጠንጥዮስ ከአባቱ ባሰ። አትናቴዎስ በዕድሜው አምስት ጊዜ ተሰድዷል። ዶግማውን የሠራው ቤተ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም የአርዮስ ልጆች በሆንን ነበር። ይህን ልጅ፣ ቆስጠንጥዮስን፣ ያዙልኝ፤ ኋላ አክሱም ላይ እናገኘዋለን።

ወደ ጳውሎስ። «የኢየሱስን ቀላል ትምህርት ጳውሎስ አወሳሰበው» የሚለው የቆየ ክስ ነው። የጳውሎስ መልእክታት ከሐዲስ ኪዳን ቀደምት ጽሑፎች ናቸው፤ ከ50 እስከ 60ዎቹ ባለው ጊዜ ተጽፈዋል። ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ የሚለውን እሱ ራሱ ተቀብሎ ያስተላለፈው እንደሆነ ይናገራል። ከማን ተቀበለ? ለገላትያ ሰዎች እንደጻፈው ካመነ ከሦስት ዓመት በኋላ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጴጥሮስ ዘንድ 15 ቀን ተቀምጧል፤ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቷል። በ57 ግድም ወደ ሮም ሲጽፍ ደግሞ ከተማዋን ገና አልረገጣትም። ምእመናኑ ግን አሉ። እምነታቸውም ተወርቷል። ጳውሎስ ሳይደርስ ክርስትናው ከደረሰ ፈጣሪው እሱ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ክፍል ጸሐፊው የጻፈው አንድ ነገር ግን ደስ ብሎኛል። ኢየሱስም ሐዋርያቱም አይሁድ ነበሩ ብሏል። ነበሩ። ብዙ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የመጀመሪያው ትልቅ ጠብ ራሱ ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚል ነበር። በ49 ግድም ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው ግዴታ እንዳይሆንባቸው ወሰኑ። እኛ ጋ ደግሞ እናቶቻችን ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዝ ይላሉ፤ ቅዳሜን ያከብራሉ፤ የአሳማ ሥጋ አይቀርባቸውም። የብሉዩን ሥር ለማየት ጉዞ አያስፈልገንም፤ ቤታችን ውስጥ አለ።

ስለ ሆረስና ሚትራ ብዙ አልልም። ሆረስ ከድንግል ተወለደ ተብሏል። በግብፆች ተረት ኢሲስ ሆረስን የፀነሰችው ከሞተው ባሏ ከኦሲሪስ ነው። ሚትራ ደግሞ ከአለት ወጣ ነው የሚባለው፤ ድንግልም የለችበት። አሥራ ሁለት ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው የሚል ጥንታዊ ጽሑፍ ለሁለቱም የለም። እነዚህ ነገሮች ከፊልም ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ጽሑፍ የሚዘዋወሩ ናቸው።

የገና ነገር ግን ትንሽ ያናግራል። «ዲሴምበር 25 የፀሐይ አምላክ በዓል ነበር» ላለው አንዳንዶች ከሥር «የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ አይነካንም» ብለው መልሰውለታል። ይህ አያዋጣም። የእኛ ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው፤ ቀኑ አንድ ነው። ሮም ውስጥ ገና በዚህ ቀን መከበሩ የሚታወቀው ከ336 ጀምሮ ነው። ንጉሥ አውሬልያን የፀሐይን መቅደስ ያስመረቀው በ274 ነው። ስለዚህ ዝምድና አለው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የለም፣ ከፅንሰት ቀን ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ ነው የሚሉም አሉ፤ የእኛም የፅንሰት በዓል፣ መጋቢት 29፣ ለዚህ ሒሳብ ይገጥማል። የትኛውም ልክ ቢሆን የሚነካው የበዓሉን ቀን እንጂ እምነቱን አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዋና በዓል ትንሣኤ ነበር እንጂ ልደት አልነበረም።

«ሥላሴ ሦስት አማልክት ነው» ለሚለው መልሱን ጸሐፊው ራሱ በልጅነቱ ያውቀዋል። ማዕድ ሲቀርብ እጁን አንስቶ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ይልና አሐዱ አምላክ ብሎ ይዘጋል። ክርስቲያን የሚያምነው አንድ አምላክን ነው። ሦስትነቱ በስም፣ በአካል፣ በግብር ነው፤ አንድነቱ በባሕርይ፣ በመለኮት። ከአእምሮ በላይ ነው ማለት ይቻላል። አይገባኝም ማለትም ይቻላል። አባቶችም ምሥጢር ያሉት ለዚሁ ነው። ያላሉትን አሉ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ያስታውሳል። ምሥጢረ ሥላሴ ይቀድማል። ቀጥሎ ምሥጢረ ሥጋዌ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ወልድ ከድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ጥምቀት፤ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ዳግም የሚወለድበት። ከዚያ ቁርባን፤ ሥጋውና ደሙ። አምስተኛው ትንሣኤ ሙታን ነው፤ ታሪክ በመቃብር አያልቅም፣ ፍርድ አለ፣ ሕይወት አለ። ጸሐፊው «ክርስቲያኖች ራሳቸው የሚያምኑትን አያውቁም፤ እርስ በርስ ይጣላሉ» ብሎ አልፏል። ይጣላሉ፤ እውነት ነው። እኛ ሰፈር እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ከወዲያ፣ የጴንጤዎቹ መዝሙር ከቆርቆሮው አዳራሽ ከወዲህ ይሰማል። በ451 ኬልቄዶን ላይ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው ልዩነት እኛንና ካቶሊኮችን እስከ ዛሬ ለያይቷል። ስለ ቁርባን፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ፣ ስለ ትውፊት ከፕሮቴስታንቱ ጋር አንስማማም። ግን አንዱ አምላክ፣ ሰው የሆነው ወልድ፣ መስቀሉ፣ ትንሣኤው፣ ዳግም ምጽአቱ ላይ ሦስቱንም ብትጠይቋቸው ተመሳሳይ ነገር ነው የሚመልሱላችሁ። የጽሑፉ አንባቢ ይህን ማወቅ ነበረበት።

አሁን አምስተኛው ላይ ደረስኩ። እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ይሄ ነው።

የነጭ ሃይማኖት! ኢየሱስ የተወለደው ቤተ ልሔም፣ ያደገው ናዝሬት ነው። ተከታዮቹ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት አንጾኪያ ነው። አርዮስና አትናቴዎስ የተከራከሩት እስክንድርያ ነው። እኛ ጋ ያመጣውስ ማን ነው? ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ ታሪኩን ከራሱ ከባለጉዳዩ ሰምቶ ጽፎታል። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የጢሮስ ልጆች ናቸው፤ ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ናት። መርከባቸው ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ተጠቃች። ሁለቱ ልጆች ተረፉ። አክሱም ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ፤ ሹመትም አገኙ። በኋላ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ ለአክሱም ጳጳስ ይላክ ብሎ ሲለምን አትናቴዎስ እሱን ራሱን ሾሞ ላከው። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። ከሊባኖስ፣ በግብፅ በኩል፣ አክሱም። አውሮፓ የት ጋ ገባ?

ማስረጃው በገንዘብ ላይም አለ። የአክሱሙ ንጉሥ የኢዛና የቀድሞ ሳንቲሞች ጨረቃና ክብ ምልክት አላቸው። የኋለኞቹ መስቀል አላቸው። በዓለም ላይ መስቀል ከታተመባቸው ቀደምት ሳንቲሞች መካከል ናቸው።

ቆስጠንጥዮስን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ356 ግድም ይህ የሮም ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ወንጀለኛ ነው፤ ስለዚህ ሰውየውን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ እኔ ባስቀመጥኩት በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር አለ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ዛሬ ድረስ ይነበባል። በጊዜው የዓለም ኃያል የነበረ ሰው ነው ይህን ያዘዘው። ፍሬምናጦስ ተመለሰ የሚል ማስረጃ የለም። ቤተ ክርስቲያናችንም በየቅዳሴው በኒቂያ የተወሰነውን ሃይማኖት ትጸልያለች። ንጉሥ ያዘዘውን ሃይማኖት ተቀበሉ የተባሉት ሰዎች የንጉሡን ትእዛዝ ያልፈጸሙ ሰዎች ናቸው።

ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌላት ብራናቸው በካርቦን ተመርምሮ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ መካከል ሆኖ ተገኝቷል። በግእዝ። የሮሙ ጳጳስ ለአንግሎ ሳክሶኖች የላካቸው መነኮሳት እንግሊዝ የደረሱት በ597 ነው። ኪየቭ የተጠመቀችው በ988 ነው። በ615 ግድም የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች መካ ላይ መከራ ሲበዛባቸው የተጠጉት ክርስቲያኑን የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህን ከብዙዎቻችን በላይ ያውቁታል። ሩቅ ቦታ ካስቸገረ ደግሞ ከመገናኛ በላይ የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ ነው። ዕድሜው ያከራክራል። የአካባቢው ትውፊት እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ይወስደዋል፤ አጥኚዎች ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡታል። የፖርቹጋል መልእክተኞች አገራችን የገቡት በ1520 ነው። ከሁለቱ የትኛውም ልክ ቢሆን ዋሻው ይቀድማቸዋል።

አውሮፓውያን ሃይማኖት ሊያመጡልን የሞከሩበት ጊዜ አለ፤ ውጤቱም ይታወቃል። ንጉሥ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያን በሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ስብከት በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። አገር ተነሣበት። ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ በ1632 ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ ተባለ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አባረራቸው።

የኋለኞቹ ሚሲዮኖች በፕሮቴስታንቱ መስፋፋት ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቡ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነው። ግን እሱም ቢሆን ነጭ ብቻውን የሠራው አይደለም። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ከባርነት ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ ነው፤ አስቴር ጋኖ አብራው ሠርታለች። ወላይታ ላይ ሚሲዮኖቹ በጣልያን ወረራ ጊዜ ሲወጡ የተጠመቁት 50 አይሞሉም ነበር። ሲመለሱ ብዙ ሺህ ሆነው ነው የጠበቋቸው። ያን ሁሉ ያስተማሩት ወላይታዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ወንድማችን በሁለተኛው ክፍል ስለ መስቀል ጦርነት እጽፋለሁ ብሏል። ጻፍ፤ እዚያ ላይ ብዙም አንጣላም። በክርስቶስ ስም የፈሰሰ ደም አለ፤ ማንም ሊሸፍነው አይገባም። ብቻ 1204ን አትዝለላት። በዚያ ዓመት ጦረኞቹ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው ተነሥተው የዘረፉት ቁስጥንጥንያን፣ የክርስቲያኖችን ከተማ፣ ነበር።